ካሳ መትቶ፣ ጋሼ ሮጦ

ልጅ ሳለሁ፣ ቁጭ ብሎ ተረት ማውራት የማይሆንለት ሰው ቢኖር ጋሼ ወርቁ ነበር። ሌላው ሰው ሲያወራ ይቀመጣል፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ግን ካልተንጎራደደ ቃል አይወጣውም። ያኔ የምንኖረው ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ ጭሱ ሲያልፍለት ማንደጃውን ወደ ውስጥ ታስገባዋለች፣ እሸት በቆሎ ትደረድርበታለች፣ አባቴ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅላል፣ እኔና ሁለቱ እህቶቼ እግራችንን ወደ ፍሙ ዘርግተን እንጠብቃለን። ጋሼ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ አንድ በቆሎ ያነሣል፣ አንድ ረድፍ እንኳ ሳይበላ መሄድ ይጀምራል።

ጋሼ በወጣትነቱ በምሥራቅ በኩል ባለ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ተምሯል። እዚያ ያስተማሯቸው ፈረንጆች ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አስለምደዋቸው ኖሮ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዱላውንና የቆዳ ጓንቶቹን ትተውላቸው ሄዱ፤ ተማሪዎቹም ያለ አስተማሪ ጨዋታውን ቀጠሉበት። አባቴ እንደሚለው በዚያ ኮሌጅ ጋሼን የሚያህል ተጫዋች አልነበረም። ከሩቅ የወረወረው ኳስ የተባለበት ቦታ ነው የሚያርፈው፤ ሲሮጥ ደግሞ የሸሚዙ ጀርባ እንደ ድንኳን ይነፋል አሉ። ከኮሌጁ በቀጥታ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ሲመለስ ቀኝ ትከሻው ውስጥ ብረት ቀርቶበት ነበርና ክንዱ ከጆሮው በላይ አይነሣም። ኮፍያውን ከምስማር ላይ የሚያወርደው በግራ እጁ ነው። ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን እንኳ ነግሮን አያውቅም። ስለ ቤዝቦል ግን ምሽቱ እስኪያልቅ ያወራል።

ጨዋታውን ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ይሮጥና ሦስት ጣቢያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የተነሣበት ቦታ ስሙ «ቤት» ነው። ቤት የገባ ነጥብ ያገኛል፤ መንገድ ላይ የቀረ ድካሙ ከንቱ ነው። ጋሼ ይህንን ሁሉ በእኛ ቤት ውስጥ ያሳየን ነበር። አንደኛው ጣቢያ ሙቀጫው ነው፣ ሁለተኛው የእህል ጆንያው፣ ሦስተኛው የበሩ መቃን። ቤት የሚባለው ደግሞ ማንደጃው፣ እኛ የተቀመጥንበት። ሙቀጫው ጋ ሲደርስ በእግሩ መታ ያደርገዋል፣ ጆንያው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አቧራ እንደሚያራግፍ ያደርጋል፣ መቃኑ ጋ ሲደርስ ይቆማል። የፋኖሱ ብርሃን እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ፊቱ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ብቻ ይመጣል።

የሚያወራው ሁልጊዜ አንድ ጨዋታ ነው። ከከተማው ካዴቶች ጋር ገጥመዋል፤ ነጥቡ እኩል ለእኩል ነው፤ የመጨረሻው ዙር ነው፤ ጋሼ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ደርሶ ቆሟል። ዱላውን የያዘው ካሳ ነው። ካሳ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነው፤ እግሩ የማይሞላው የታላቅ ወንድሙን ጫማ የሚያደርግ፣ ገመዱን አስሮ የማያውቅ፣ ጓንቱ ውስጥ ዳቦ ደብቆ ኳስ ሲመጣለት ዳቦውን የሚይዝ ሰው። እኛ ካሳን እንደ ዘመድ ነበር የምናውቀው። ታናሽ እህቴ አንድ ቀን ጫማዋን ሳታስር ስትወጣ እናቴ «ነይ እዚህ፣ አንቺ ካሳ!» ብላ ስትጠራት ትዝ ይለኛል።

ካሳ ከመታ ጋሼ ቤት ይገባል። መጨረሻው ግን በየምሽቱ ይለያያል። አንድ ቀን ካሳ መትቶ፣ ጋሼ ሮጦ፣ አቧራው መሃል ተንሸራቶ ቤት ይገባና ማንደጃው አጠገብ ዘፍ ይላል። ሌላ ቀን ዝናብ ይመጣና ሁሉም ዛፍ ሥር ይጠለላል፤ ካሳ ብቻ ዱላውን እንደ ጃንጥላ ከራሱ በላይ ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሌላ ቀን አህያ ትገባለች። ሌላ ቀን ኳሱ የዳኛው ካፖርት ኪስ ውስጥ ይገባና ዳኛው ራሱ ያሳድዱኛል ብሎ መሮጥ ይጀምራል። እህቶቼ ዛሬስ ምን ይሆን ብለው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። ትክክለኛው የትኛው ነው? አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እገላበጣለሁ፤ ዝናብ ከነበረ አቧራ ከየት መጣ እላለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው። ነገር ካልተስተካከለልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ያው ነኝ።

በቤታችን አንድ ሥርዓት ነበር። ከራት በኋላ ከትንሽ እስከ ትልቅ በየተራ ድምፁን አውጥቶ ይጸልያል፣ ሌላው አሜን ይላል። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ደግሞ በዚያ ሳምንት ውሸት ሰምቶ ዝም ያለ እንደ ዋሸ ይቆጠራል፣ ለተሳሳተ ሰው ግን መቆጣት ሳይሆን መጸለይ ነው የሚገባው ብላን ነበር። እኔም ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ከልቤ እንዲህ አልኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ጋሼን ይቅር በለው። ስለ ካሳ ይዋሻል። ማክሰኞ ዝናብ መጣ አለ፣ ትናንት አህያ ገባች አለ። እውነቱን እንዲናገር እርዳው። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን» አሉ ሁሉም፣ ከልማድ። ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ምን ላይ አሜን እንዳሉ የገባቸው። እህቴ በአፍንጫዋ ሳቀች። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከሰሉ ጠሽ ሲል ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሁሉም ካለ በኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ብቻውን፣ ዘግየት ብሎ፣

«አሜን» አለ ጋሼ።

በማግስቱ መጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ በቆሎውን አነሣና ተቀመጠ። ተቀምጦ በላ። እኔ እየጠበቅኩ ሙቀጫውን አየሁ፣ እሱን አየሁ።

«ጋሼ፣ ጨዋታውስ?»

«ደክሞኛል አልሚ።»

ከዚያ ወዲህ ደክሞት ቀረ። የሚንጎራደደው ሰው ተቀማጭ ሆነ፤ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዝናቡ ከአባቴ ጋር ያወራል፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ ደኅና እደሩ ብሎ ይሄዳል። እህቶቼ ለወራት አኮረፉኝ። እኔ ግን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ማን ነግሮኝ? ጸለይኩለት እንጂ ሰደብኩት እንዴ? እያደግኩ ስመጣ ግን ያ ዘግይቶ የመጣ አሜን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ገባ ውኃ ሆነብኝ፤ ራሴን ባራግፍም አይወጣም።

አድጌ፣ አግብቼ፣ ጆሃንስበርግ ገባሁ። ያ በሽታ ዓለምን ቤት ሲያስቀምጥ እኛ ሜይፌር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። ባለቤቴ ተስፋዬ ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ያለው ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቃችን ውስጥ ቀርቷል፤ ሱቁን ጥሎ ቢመጣ የሚጠብቀው የለም፣ መንገድ ላይም የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል። ቤት ያለነው እኔና እዚሁ የተወለደችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሊዲያ ነን። ወታደሮች መንገዱን ያስሳሉ። ዳቦ ልትገዛ የወጣችውን ጎረቤታችንን አንዱ «ሃምባ ኤካያ!» ብሎ ሲጮህባት በመስኮት ሰማሁ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለቱ ነው። ሴትየዋ የቆመችው የገዛ በሯ ላይ ነበር።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ያጠብኩትን አጥባለሁ፣ ያጠፍኩትን አጥፋለሁ፣ መዝሙር ጀምሬ መሃል ላይ እተዋለሁ። ሊዲያ በበኩሏ በትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል ትጫወት ስለነበር፣ የካልሲ ኳስ ጠቅልላ ኮሪደሩ ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ትመታለች። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ነው፤ ሩጫው አንድ፣ ጣቢያው አንድ። ልጄ ያን ጨዋታ የመረጠች ቀን ምንም አላልኳትም። ምን ልበላት?

«ማሚ፣ ፕሊስ ቁጭ በይ» አለችኝ አንድ ቀን። «ራሴን አዞርሽው። ከፍሪጁ ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ በሩ። ኤቭሪ ዴይ ያው መንገድ።»

ቆምኩ። የበሩን መቃን ይዤ ነበር።

በዚያው ሳምንት የጋሼ ሚስት እትዬ ዘነቡ ደወለች። ጋሼ ታሟል። ሳሉ ከያዘው ዘጠኝ ቀኑ፣ ትንፋሹ አጥሮ ትራሱን ተደግፎ ነው የሚያድረው፤ ጤና ጣቢያ ወስደውት ቤት ይተኛ ተብሎ ተመልሷል። ጎረቤት ፈርቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው እንዴት አደረ የሚለው።

«ሌሊቱን ሙሉ ካሳ፣ ካሳ ይላል» አለች እትዬ። «እኔን በስሜ መጥራት ተወ'ኮ።»

«ካሳ ያ ዳቦ የሚደብቀው? ለምን አይነገረውም እትዬ? በሕይወት ካለ በስልክም ቢሆን...»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አታውቂም እንዴ? ካሳ'ኮ ከዘመቱበት አልተመለሰም። አጠገቡ ነው የሞተው። ይኸ ትከሻው ውስጥ ያለው ብረት ካሳን አልፎ የመጣ ነው።»

«ጨዋታውስ?» አልኩ። በዚያች ሰዓት ይህን መጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

«የምን ጨዋታ! ያን ጨዋታ ማን ጨርሶት? እየተጫወቱ የጦር መኪኖች መጡና ለዘመቻ ተሰለፉ ተባሉ። ካሳ ዱላውን ሜዳው ላይ አጋድሞ፣ ስንመለስ እኔ መትቼ አንተን ቤት አስገባሃለሁ ብሎት ተሳፈሩ። እኔን ሲያጨኝ የነገረኝ ይኸንን ብቻ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ሊዲያ ስታገኘኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ነገርኳት፤ ጸሎቴንም ጭምር። እንደ እኩያዋ አዳምጣኝ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ኖ ዌይ፣ ማሚ። ታዲያ እስካሁን ሦስተኛው ላይ ቆሟል ማለት ነው?»

ይቺ አባባሏ ናት ያሳበደችኝ። ሰውዬው በየምሽቱ ጓደኛውን ከመቃብር እያስነሣ ዱላ ያስይዘው ነበር። ዝናብ ያመጣለታል፣ አህያ ያስገባለታል፣ ያስቀዋል፣ ያሳስቀዋል፤ በአንድም ምሽት መኪናው ላይ አላሳፈረውም። እኔ ደግሞ ተነሥቼ ይኸንን በእግዚአብሔር ፊት ውሸት አልኩት፣ ቤተሰቡንም አሜን አስባልኩ። አውሮፕላን የለም፣ ድንበሩ ዝግ ነው፣ ትንፋሹ እያጠረ ነው። ከዚያ ሰው ጋር የሚያገናኘኝ አንድ ስልክ ብቻ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ? በምን ቃል? የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በጸለይኩት ይቅር በለኝ ይባላል? ሁለት ቀን ስደውል ኔትወርኩ እምቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ከፍሪጁ ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ በሩ ሄድኩ። ጨዋታውን ልጨርስለት ማሰቤም ያስፈራኝ ነበር፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ለሚሞት ሰው መንገር ኃጢአት ይሆን እያልኩ ጸለይኩ። መልስ አልመጣልኝም። ወይም መልሱ ኋላ የመጣው ኔትወርክ ነው።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ፤ የሎድ ሼዲንግ፣ የመብራት ፈረቃው ተራችን ነበር። ሊዲያ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛው ላይ ስታቆም የደወልኩት ስልክ ጠራ፣ እትዬ አነሣችው።

«ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አልኳት።

ትንፋሹ መጣ። ወፍጮ ቤት ከሩቅ እንደሚሰማ ነው። ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን እግሬ ቀደመኝ። ተነሥቼ ወደ ፍሪጁ ሄድኩና በእግሬ መታ አደረግኩት።

«ጋሼ፣ አልሚ ነኝ። ነጥቡ እኩል ለእኩል ነው። የመጨረሻው ዙር ነው። አንደኛውን አልፈሃል።» ወደ ማጠቢያው ሄድኩ። «ካዴቶቹ ይሳደባሉ፣ አንተ አትሰማም። ሁለተኛውን አለፍክ።» በሩ ጋ ደረስኩ። የሻማው ብርሃን አልደረሰኝም። «ሦስተኛው ላይ ነህ። ካሳ ዱላውን ይዟል።»

እዚህ ላይ የማውቀው ሁሉ ጠፋኝ፤ ዝናብም አህያም አልመጣልኝ አለ።

«ይሰማሻል፣ ቀጥይ» አለች እትዬ ከሩቅ። ከዚያ በትንፋሹ መሃል አንድ ቃል እንደ ፍርፋሪ ወደቀች።

«ጫማውስ?»

«ጫማውማ አልታሰረም ጋሼ» አልኩት። «መቼ አስሮ ያውቃል!»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ እትዬ «ቀስ፣ ቀስ» ስትለው ይሰማኛል። ሳሉ እስኪያልፍ መቃኑን ይዤ ጠበቅኩ።

«ወርዋሪው ወረወረ። ካሳ ዓይኑን ጨፍኖ መታ። አንድ ጫማው ከኳሱ ጋር ሄደ፣ ካዴቶቹ የቱን እንደሚይዙ ግራ ገባቸው፣ ግማሾቹ ጫማውን አሳደዱ። ሂድ ጋሼ! ሩጥ!»

እኔም ሮጥኩ። የአርባ አምስት ዓመት ሴት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው። በጭኔ ጠረጴዛውን ስገጨው ሻማው ወደቀና ጠፋ፣ ሊዲያ በጨለማው ውስጥ ሁለት እጇን ዘርግታ «ሴፍ! ሴፍ!» ብላ ጮኸች፤ በጨዋታው ሕግ ገብቷል ማለት ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ደበደቡብን።

ሊዲያ ሻማውን በዳበሳ ስትፈልግ፣ ዘግየት ብሎ፣ 

«አሜን» አለ ጋሼ። ቀጥሎም፣ ትንፋሹን አጠራቅሞ፣ «ነገ ደግሞ ሌላ አምጪ።»

ዘጠኝ ምሽት ተጫወትን። እኔ ሲያልቅብኝ ሊዲያ ታመጣለች፤ በእሷ ተረት ካሳ በታክሲ መጥቶ ሾፌሩን ጥሩንባ እየነፋ እንዲጠብቀው ያደርገዋል። ጋሼ መናገር ሲያቅተው በጣቱ ስልኩን መታ መታ ያደርግ ነበር፣ እንደ ሙቀጫው። በየምሽቱ ዛሬ ይቅርታዬን እጠይቃለሁ እላለሁ፤ በየምሽቱ ጨዋታው ይቀድመኛል። በአሥረኛው ቀን ስልኩን ያነሣችው እትዬ አልነበረችም፣ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልተፈቀደም። ጎረቤቶች ምግብ በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ ከደረጃው ሥር «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብለውኝ ሄዱ። ቀብሩን በስልክ አየሁት፤ አፋቸውን የሸፈኑ ስድስት ሰዎች፣ እርጥብ አፈር፣ እትዬ ዘነቡ ኮፍያውን ደረቷ ላይ ይዛ።

ይቅር በለኝ የሚለውን ቃል እንዳሰብኩት ሳልለው ቀረሁ። «ሌላ አምጪ» ማለቱ ይቅርታው ነው ትለኛለች ሊዲያ። ይሆናል። አንዳንድ ቀን ልቤ ያርፋል፣ አንዳንድ ቀን ዛሬም ተነሥቼ ከፍሪጁ ወደ በሩ እሄዳለሁ። ከልጅነቴ የቀረኝ ግን ያ የማታ ሥርዓት ነው። ተስፋዬ ከቶኮዛ ተመልሷል፤ ሦስታችንም በየተራ እንጸልያለን፣ የሰው ጥፋት ግን ድምፄን አውጥቼ አልጠራም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሊዲያ አሜን ትላለች፣ አባቷም ይላል፣ እኔም እላለሁ። ከዚያ ወዲያው አንነሣም። ሊዲያ ለምን እንደምቆይ ስለምታውቅ አትቸኩልም። ፊቴን ወደ በሩ መቃን አድርጌ፣ ዘግይቶ የሚመጣውን እጠብቃለሁ።